ከክብር ዶክትሬቱ በኋላ፦ ዓሊ ቢራ በቡና ከተሞች

የዘመናዊ ሙዚቃችን ታሪክ በአመዛኙ የተጻፈው ከአዲስ አበባ ሆኖ ነው። የክብር ዘበኛና የፖሊስ ሠራዊት ኦርኬስትራዎች፣ የምሽት ክበቦቹና የሸክላ አሳታሚዎቹ ሰፊውን ገጽ ይይዛሉ። ጅማ የሙላቱ አስታጥቄ የትውልድ ከተማ ተብላ አንድ ጊዜ ትነሣና ትታለፋለች።

የዓሊ ቢራ ሕይወት ይህን አተራረክ እንድንጠይቅ ያስገድዳል። ድሬዳዋ ተወልዶ፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በዚያው በተቋቋመው አፍረን ቀሎ የሙዚቃ ቡድን ገና በልጅነቱ ዘፈነ። መጠሪያውን ያገኘው በመድረክ ካቀረበው የመጀመሪያ ዘፈን ነው። በአማርኛ «ቢራ» ተብሎ ሲጻፍ ያልታሰበ ትርጉም ይሰጣል እንጂ፣ ቃሉ ክረምት አልፎ ሰማይ የሚጠራበትን ወቅት፣ እኛ ብራ የምንለውን ያመለክታል። በጅማ ቡናው መቅላት የሚጀምረውም በዚሁ ወራት ነው። ዓሊ ኋላ በክብር ዘበኛ ኦርኬስትራ አገልግሏል፤ ከኦሮምኛ ሌላ በሐረሪ፣ በሶማልኛ፣ በአማርኛና በዐረብኛም ዘፍኗል። ረጅም ዘመን በስደት ኖሮ ወደ አገሩ ተመለሰ፤ እ.ኤ.አ. ኅዳር 2022 በአዳማ ዐረፈ።

ጅማ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2010 የክብር ዶክትሬት ሰጥቶታል። በፈረንሳይ የሚታተመው ኢትዮፒክስ የተሰኘው ተከታታይ ሥራዎቹን ለብቻቸው ያወጣው በ28ኛው ቅጽ፣ እ.ኤ.አ. በ2013 ነበር። በዚህ ጅማ ቀድማለች። ነገር ግን ክብር መስጠትና ማጥናት ይለያያሉ፤ እኔን የሚያሳስበኝም ሁለተኛው ነው።

የምሥራቁ ድምፅ፣ ያውም የምሥራቁን የኦሮምኛ ዘዬ ይዞ፣ እንዴት በአጋሮ፣ በሊሙ ገነትና በጌራ የሠርግ ቤት ድምፅ ሆነ? መልሱ በአሳታሚዎች መዝገብ አይገኝም። ካሴት ፋብሪካ አይፈልግም፤ ሁለት ማጫወቻ ያለው ማንኛውም ሱቅ ያባዛዋል። ስለዚህ ማስረጃው ያለው በሙዚቃ ቤት ባለቤቶች፣ በአውቶቡስ ሾፌሮች፣ የቡናው ገንዘብ ኪስ በገባበት ሰሞን ዳስ ጥለው በዳሩ ወላጆች ዘንድ ነው። የመከር ገቢና የሙዚቃ ግዢ አብረው ይወጡና ይወርዱ እንደነበር ማጣራት ለኢኮኖሚ ታሪክ ተማሪም ጥሩ የመመረቂያ ርእስ ይመስለኛል።

ሥራውን ለአዲስ አበባ ተቋማት እንተው የሚል ክርክር ሊነሣ ይችላል። አልቀበለውም። ቃለ መጠይቁ የአካባቢውን ኦሮምኛ ይጠይቃል፤ የካሴት ጥብጣብ ደግሞ በጅማ እርጥበት ሻግቶ እርስ በርሱ እየተጣበቀ ነው፤ ባለቤቶቹም አርጅተዋል።

የሚቀረው ከባድ ጥያቄ የሕግ ነው። በየሱቁ የተባዛው አብዛኛው ካሴት የባለመብቱን ፈቃድ ያላገኘ ነው፤ የቅጂና ተዛማጅ መብቶች አዋጅ ቁጥር 410/1996 ደግሞ የከዋኙንም መብት ይጠብቃል። ለጥበቃ ሲባል መቅዳትን ለሽያጭ ከማባዛት የሚለይ ግልጽ የአሠራር መመሪያ ስብስቡ ከመጀመሩ በፊት መዘጋጀት አለበት፤ ይህንንም የሕግና የታሪክ ትምህርት ክፍሎች በጋራ ቢያረቅቁት ይሻላል።