በኪሳችሁ ያለው ሰንጢ ይቆለፋል?

ዛሬ ከዋጋ ወጣ ብለን፣ ግን ከኩንታሉ ሳንርቅ፣ ስለ ሰንጢ እናውራ።

በጅማ መንገድ ሰበታ፣ በአምቦ መንገድ ቡራዩ፣ በጎጃም መንገድ ሱሉልታ፤ አዲስ አበባ በር ላይ በየመጋዘኑ ጆንያ ይከፈታል፣ ናሙና ይወጣል። ብዙዎቻችን ለዚህ የምንይዘው የሚያብረቀርቅ ግን የማይቆለፍ ሰንጢ ነው። ሲደነዝዝ በጉልበት ይገፉታል፤ ያኔ ወይ ጣት ላይ ይታጠፋል፣ ወይ ክሩን ትቶ ጆንያውን ይቀደዋል። ከዚያ እህሉ ይፈሳል፣ ሻጭና ገዢ ይጨቃጨቃሉ።

እኔ የምለው፦

1. ሲከፈት የሚቆለፍ ይሁን። ይሄ የውድ ሰንጢ ነገር አይደለም፤ የፈረንሳዩ ኦፒኔል ከ1955 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚቆለፈው በአንዲት ተሽከርካሪ የብረት ቀለበት ነው። ከመግዛታችሁ በፊት ክፈቱትና የስለቱን ጀርባ ጫን በሉት፤ ከተነቃነቀ ተዉት።

2. ስለቱ 8 ሳንቲሜትር ገደማ ይበቃል። ለጆንያ ክር ከዚያ በላይ ምን ያደርጋል? ረጅሙ ፍተሻ ላይ ወሬ ያበዛል።

3. በቀላሉ የሚሳል ይሁን። ካርቦን ብረት ቶሎ ይሳላል፣ ግን እርጥበት ካገኘው ይዝጋል፤ ጠርጋችሁ እጠፉት።

ላኪዎች፣ ቦሌ ስትሄዱ ከእጅ ሻንጣችሁ አውጡት።

ዩኒየኖችና መጋዘን ያላችሁ ደግሞ፣ ናሙና ለሚያወጣው ልጅ የሚቆለፍ ግዙለት። በኪሎ ሳንቲም የምንከራከር ሰዎች በሰው ጣት መቆጠብ አያምርብንም።

እናንተስ የትኛውን ትይዛላችሁ? ከስር ጻፉልን።