የግልገሉ ጉበትና የመጀመሪያው እንገር

የዛሬው ንባባችን ስለ በግ ግልገል ነው። የደብረ ታቦርና የፋርጣ ገበሬ በግ ማርባት ያውቃል። እኛ ስለ ግልገሉ ጉበት ጥቂት እንጨምር።

ግልገል በማኅፀን ሳለ ሙቀትም ምግብም ከእናቱ ያገኛል። ሲወለድ ሁለቱም ይቋረጡበታል። በጉና ተራራ ሥር ሌሊቱ ብርድ ነው። ግልገሉም እርጥብ ነው። ታዲያ በምን ይሞቃል?

ይዞት የሚወለደው ስንቅ ትንሽ ነው። በጉበቱ ጥቂት ስኳር አለ። በኩላሊቱ ዙሪያ ጥቂት ስብ አለ። ይኼ ስንቅ በሰዓታት ውስጥ ያልቃል። ያን ጊዜ ካልጠባ ሰውነቱ ይቀዘቅዛል። ለመጥባትም ጉልበት ያጣል። ሲሞት «ብርድ ገደለው» እንላለን። ብርዱን ያገዘው ግን ረኃብ ነው።

መድኃኒቱ እንገር ነው። የበግ ወተት ከ100 እጅ 7 እጅ ያህሉ ስብ ነው። የላም ወተት 4 እጅ ገደማ ነው። የበግ እንገር ደግሞ ከወተቷም ይበልጣል። ግልገሉ ሲጠባ ስቡ በደም ወደ ጉበት ይደርሳል። ጉበት እንደ ጓዳ ነው፤ የገባውን ያሰናዳል፣ ለሰውነት ያከፋፍላል። ሰውነት ራሱ ሊሠራው የማይችል የስብ ዓይነትም አለ። ይህ ስብ ሲወለድ በጉበቱ እጅግ ትንሽ ነው። የሚያገኘው ከእናቱ ጡት ነው።

በሽታ የሚከላከል ነገርም በእንገሩ አለ። የግልገሉ አንጀት ይህን የሚቀበለው በመጀመሪያው 1 ቀን ብቻ ነው። «እንገሩ ቢጫ ነው፤ ታልቦ ይደፋ» የሚል ሰው ቢኖር፣ ኧረ ተው በሉት!

ምን እናድርግ?

1. ግልገሉ ከተወለደ 2 ሰዓት ሳይሞላው መጥባቱን እንይ። 2 ኪሎ ተኩል ለሚመዝን ግልገል መጀመሪያ አንድ የሻይ ብርጭቆ ያህል፣ በቀኑ በጠቅላላው ግማሽ ሊትር ይበቃዋል።

2. እናቱ ብትሞት የሌላ በግ እንገር እንስጠው። ከጠፋ የላም እንገር ለብ አድርገን እንስጠው። የላም እንገር ስቡ ስለሚያንስ መጠኑን ጨመር እናድርግ።

3. እርጉዟ በግ ልትወልድ 6 ሳምንት ሲቀራት መኖ እንጨምርላት። ፅንሱ አብዛኛውን ክብደቱን የሚያገኘው ያን ጊዜ ነው። የከሳች እናት እንገሯም ያንሳል።

የዛሬ ቃላት፦ እንገር፣ ጉበት፣ ስብ፣ ስንቅ።

ጥያቄ፦ ግልገል ይዞት የሚወለደው ስንቅ ምንና ምን ነው? መልሱን በደብተራችሁ ጻፉ። ማንበብ ገና ላልጀመረ ጎረቤት ደግሞ አንብቡለት። በጎቹ ሳይወልዱ ይስማ።