ድመቶቹን የመለጣቸው ጂን አይደለም



ሰሞኑን በሰፈራችን በለቡ መብራት ኃይል፣ ሥጋ ቤቱ ጓሮና ኮንዶሚኒየሙ ደረጃ ሥር የሚውሉትን ድመቶች ያየ ሁሉ አንድ ወሬ ያወራል። የአንዷ ጆሮ ተመልጧል፤ የሌላዋ ጀርባ የተላጨ ይመስላል፤ ከሰል ትመስል የነበረችው ጥቁሯ ድመት ወደ ቡናማ ተለውጣለች። «ሲሕር ተሠርቶባት ነው»፣ «ድመት አይደለችም፣ ጂን ናት»፣ «ቤት ከገባች መዘዝ ናት» ይባላል። ከወሬው በኋላ የሚመጣውንም እናውቀዋለን፤ ድንጋይ፣ የፈላ ውሃ፣ ጆንያ።

በግልጽ እንናገር። ድመቶቹን የመለጣቸው ጂን አይደለም። በሽታ ነው፣ ረሃብ ነው፣ አንዳንዴም የሰው እጅ ነው።

ጂን መኖሩን እናምናለን፤ ቁርኣን ነግሮናል። ግን በጂን ማመን ማለት ምክንያቱን ያላወቅነውን ሁሉ በጂን ማላከክ አይደለም። ዲናችን ያለ ዕውቀት መናገርን ከልክሏል። ገድ ማየትን (ጢየራን) ደግሞ ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ከሺርክ ቆጥረውታል። ጥቁር ድመት መንገድ አቋረጠችኝ ብሎ ከጉዳዩ የሚመለስ ወጣት ድመቷን ትቶ ተውሒዱን ይመርምር።

ታዲያ ምክንያቱ ምንድን ነው?

አንደኛ፦ ጭርት። ቆዳና ፀጉር ላይ የሚያድግ ፈንገስ ነው። ብዙ ጊዜ ጭንቅላት፣ ጆሮና እግር ላይ ክብ ክብ መላጣ ያወጣል። ወደ ሰው፣ በተለይ ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። በረገፈው ፀጉር ላይም ለወራት ሊቆይ ይችላል።

ሁለተኛ፦ እከክ። በዓይን የማትታይ ተባይ ቆዳ ውስጥ እየቦረቦረች ትኖራለች። ብዙውን ጊዜ ከጆሮ ጠርዝ ይጀምርና ወደ ፊትና አንገት ይዛመታል። ድመቷ እስክትደማ ታካለች፤ ቆዳዋ ይወፍራል፣ ቅርፊት ይይዛል።

ሦስተኛ፦ ቁንጫ። ፀጉሩ ከወገብ በታችና ከጅራት ሥር የሚሳሳው አብዛኛውን ጊዜ በዚህ ነው። ድመቷ ራሷ እየላሰችና እየነከሰች ትነቅለዋለች።

አራተኛ፦ ረሃብ። ፀጉር በአብዛኛው ፕሮቲን ነው፤ ድመት ደግሞ በተፈጥሮዋ ሥጋ በል ናት። በእንጀራ ፍርፋሪ ብቻ የምትኖር ድመት ፀጉሯ ይደርቃል፣ ይሳሳል። ጥቁር ቀለም ለመሥራት ሰውነቷ ታይሮሲን የሚባል የፕሮቲን ክፍል ያስፈልገዋል፤ እሱ ሲያንስ ጥቁሩ ወደ ቀላ ያለ ቡናማ ይለወጣል። ፀሐይም ቀለሙን ያደበዝዘዋል። ሲሕር የተባለው ነገር ይኸው ነው!

አምስተኛውን ለመናገር ያሳፍራል። የፈላ ውሃ የፈሰሰበት ቆዳ ፀጉሩ ይረግፋል፤ ጠባሳው ከከፋም ዳግም አይበቅልም። የዚህን ሐኪም መጠየቅ አያስፈልግም፤ ውሃውን የደፋው ያውቃል።

አሁን ወደ ሰበቦቹ እንምጣ።

«ነጃሳ ናት» ለሚል፦ አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ለውዱእ ከቀረበላቸው ውሃ ድመት ልትጠጣ ስትመጣ ዕቃውን ዘንበል አድርገው አጠጥተዋታል። ለተገረመችው የልጃቸው ሚስትም ድመት ነጃሳ እንዳልሆነች፣ በመካከላችን ከሚዘዋወሩት መሆኗን ከነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መስማታቸውን ነገሯት። አቡ ዳውድና ቲርሚዚ ዘግበውታል። አንተ በየትኛው ማስረጃ ነው ከመስጂድ በር በእርግጫ የምታባርራት?

«ሰው ተርቦ ለድመት?» ለሚል፦ ምሳህን ስጣት ያለህ የለም። የፈላውን ውሃ አትድፋባት ነው ያልንህ፤ ይህ አንድ ሳንቲም አያስወጣም። በቡኻሪና ሙስሊም ዘገባ በድመት ምክንያት እሳት የገባችው ሴት ድመቷን አስራ አላበላቻትም፤ የምድርን ተባይ እንድትበላም አልለቀቀቻትም። ግልገሎችን በጆንያ ቋጥሮ ቀለበት መንገድ ዳር የሚጥል ሰው ከዚያች ሴት በምን ይለያል?

«ልጆቻችንን ታስይዛለች» ለሚል፦ ይህ እውነተኛ ስጋት ነው፤ እናከብረዋለን። ነገር ግን ያባረርካት ድመት ጭርቷን ይዛ የጎረቤትህ ብሎክ ትገባለች። የጎረቤትህ ልጅ ልጅ አይደለም? በሽታውን የሚያቆመው ሕክምና ነው።

«ተላላፊ የለም ተብሏል» እያሉ ጥንቃቄን የሚንቁም አሉ። ያ ሐዲስ ሲነገር አንድ የገጠር ዐረብ የጠየቀው ስለዚሁ እከክ ነበር፤ እከካም ግመል ጤነኞቹ መሐል ገብቶ ሲያስይዛቸው አይቷል። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የመጀመሪያውን ማን አስያዘው ብለው ወደ አላህ ቀደር መለሱት። ነገር ግን የታመመ ግመል ያለው ሰው ጤነኞቹ ላይ እንዳያመጣው ያዘዙትም እሳቸው ናቸው። ዑለማዎቻችን ሁለቱን አስታርቀዋል፤ በሽታ በራሱ ኃይል አይተላለፍም፣ በአላህ ፈቃድ ግን ሰበብ ይሆናል፤ ስለዚህ እንጠነቀቃለን።

ቀደምት ሙስሊሞች ይህን ሐላፊነት እስከ ወቅፍ አድርሰውታል። በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የግብፁ ሱልጣን ዛሂር በይበርስ በካይሮ ለጎዳና ድመቶች መመገቢያ የሚሆን የአትክልት ሥፍራ ወቅፍ ማድረጋቸው ይወሳል። ከኛ ሱልጣን መሆን አይጠበቅም።

ምን እናድርግ?

የፈላ ውሃና ድንጋይ ዛሬውኑ ይቁም። ያየ ዝም አይበል።

አጥንትና የሥጋ ትራፊ በፌስታል ቋጥረን ከምንጥል በአንድ የተወሰነ ቦታ እናስቀምጥ፤ ንጹሕ ውሃም በጎኑ። ቦታውንም እናጽዳ።

ነጭ ጋዝ፣ የተቃጠለ ዘይት ወይም ለከብት የተሠራ የመዥገር መድኃኒት አንቀባ። ድመት ገላዋን ስለምትልስ መርዙ ሆዷ ይገባል። የብሎኩ ወጣቶች ጥቂት ጥቂት አዋጥተን የእንስሳት ሐኪም እንጥራ። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የእንስሳት ሕክምና ኮሌጅ ቢሾፍቱ ላይ ለአሥርት ዓመታት ሐኪም ሲያስመርቅ ኖሯል፤ ባለሙያ አልጠፋም።

የተመለጠችን ድመት ሕፃናት አይዳስሱ፤ የነካም እጁን በሳሙና ይታጠብ። ልጅ ላይ ክብ የሚያሳክክ ነገር ከወጣ ጤና ጣቢያ ውሰዱት። ድመት ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ደግሞ አትዘናጉ፤ የእብድ ውሻ በሽታ ከድመትም ይይዛል። ቁስሉን ወዲያው በውሃና በሳሙና 15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ሕክምና መሄድ ነው።

ወንድሜ፣ እህቴ! ይህች እንስሳ ማን ውሃ እንደደፋባት መናገር አትችልም። ጌታዋ ግን አይቷል። የውመል ቂያማ ቀንድ ያላት በግ ቀንድ ለሌላት እንኳ ትጠየቃለች፤ አእምሮ የተሰጠን እኛማ እንዴት አንጠየቅ?

አላህ ለፍጡራኑ ከሚያዝኑት ባሮቹ ያድርገን። አሚን።