የትንሽ ከተማ ጋዜጣ ምን ይጠቅማል?

ደብረ ማርቆስ ገና መንቆረር ትባል በነበረበት ዘመን ወሬ ለሕዝብ የሚደርሰው በገበያ ቀን በሚጎሰመው ነጋሪት፣ በመንገደኛ አንደበትና በአዝማሪ ግጥም ነበር። ዲማ ጊዮርጊስንና ዋሸራን የመሰሉ የቅኔ ቤቶች ያሉበት ጎጃም የቃል ድኻ ሆኖ አያውቅም። ይሁን እንጂ ቅኔ የሚዘረፈው ለዕለቱ ነው፤ ያልተጻፈው ከሰሚው ጋር ይቀበራል። አባቶቻችንም ይህን አውቀው «በቃል ያለ ይረሳል፣ በጽሑፍ ያለ ይወረሳል» ብለዋል። ዛሬ የአንዲት ሩቅ ከተማን ጋዜጣ ታሪክ የምናነሣውም ይህንኑ በማሰብ ነው።

በአውሮፓ አቆጣጠር በ1905 ዓ.ም. አባ ማሪ በርናር የተባሉ ፈረንሳዊ የካቶሊክ መነኩሴ፣ ሐረር ውስጥ ከሚገኘው የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሆስፒታል «ለ ሴመር ዴትዮፒ» የተባለ ጋዜጣ ማውጣት ጀመሩ። ትርጓሜው «የኢትዮጵያ ዘሪ» ማለት ነው። ሳምንታዊው ጋዜጣ በአገራችን ከታተሙት የመጀመሪያዎቹ ጋዜጦች አንዱ ሆኖ ይቆጠራል። የካቶሊክ ሚሲዮናውያን ለማተሚያ ሥራ እንግዶች አልነበሩም፤ አባ ሎሬንሶ ቢያንኬሪ የማተሚያ መኪና ምጽዋ ያስገቡት ቀደም ብሎ በ1863 ነው። ከጅቡቲ የተነሣው የምድር ባቡርም በ1902 ድሬዳዋ ደርሶ ስለ ነበር፣ ከባሕር ማዶ ዕቃ ማምጣት ከቀድሞው ቀሏል።

ከዚህ ታሪክ የምንማረው አንደኛው ነገር፣ የጋዜጣ መነሻው ትልቅ ከተማና ብዙ ገንዘብ ብቻ አለመሆኑን ነው። በዚያው ዘመን አዲስ አበባ ላይ ግሪካዊው እንድርያስ ካቫድያስ «አእምሮ»ን የጀመረው በእጅ እየጻፈ፣ በሳምንት 24 ቅጂ ብቻ በማዘጋጀት ነበር። ስሙን ያወጡለትም ዳግማዊ ምኒልክ ናቸው።

ሁለተኛው ትምህርት ግን ያሳስበናል። የሐረሩ ጋዜጣ ዋና ቋንቋ ፈረንሳይኛ ነበር። የዚያን ጊዜዋን ሐረር ከዚህ ጋዜጣ ለማወቅ የሚፈልግ ተመራማሪ፣ ከተማይቱን የሚያያት በእንግዳ ዓይን ነው። ይህን ስንል መነኩሴውን ለመንቀፍ አይደለም፤ እንግዳ በሚያውቀው ቋንቋ ለሚያውቀው አንባቢ ቢጽፍ አይፈረድበትም። ስለ ራሱ የማይጽፍ ሕዝብ ግን ታሪኩን ከእንግዳ መዝገብ ሲለምን ይኖራል። ይህን ክፍተት ለመሙላት ሌሎች ተነሡ። በሐረር ያደጉት ራስ ተፈሪ በ1925 «ብርሃንና ሰላም» የተባለውን የአማርኛ ሳምንታዊ ጋዜጣ አስጀመሩ፤ የዘመኑ ወጣት ምሁራንም ስለ አገራቸው መሻሻል የሚያስቡትን በገዛ ቋንቋቸው ይጽፉበት ጀመር።

«ዛሬ ስልክ ወሬውን ሁሉ በደቂቃ ያመጣልን የለምን?» የሚለን ይኖራል። እርግጥ ነው፤ ስልኩ የአዲስ አበባንና የውጭ አገርን ወሬ ያመጣል። ነገር ግን በቢቸና ገበያ ጤፍ ስንት እንደ ዋለ፣ የወንዙ ድልድይ ለምን እንደ ፈረሰ፣ የመንደሩ ትምህርት ቤት ጣራ በማን መዋጮ እንደ ተሠራ ማን መዝግቦ ያኖራል? በስልክ የተጻፈውስ ከሳምንት በኋላ ማን ፈልጎ ያገኘዋል?

ስለዚህ በደብረ ማርቆስ ለምትማሩ ተማሪዎች፣ እንዲሁም በሞጣ፣ በደጀንና በፍኖተ ሰላም ለምትሠሩ ወጣት ሹማምንት የምንለው አለን። ተማሪዎች ሆይ፣ በወር አንዲት ገጽ ብትሆንም ጀምሩ። የምትጽፉትን በዓይናችሁ አይታችሁ፣ ከሁለት ወገን ጠይቃችሁ ጻፉት። ከእያንዳንዱም እትም አንዳንድ ቅጂ ለከተማው ቤተ መጻሕፍት አስረክቡ፤ የታተመውም ካልተጠበቀ የስኳር መጠቅለያ ሆኖ ይቀራል።

ሹማምንትም ገበሬው «ማዳበሪያው ዘገየብን» ብሎ ቢጽፍ እንደ ጠላት አትዩት። አቤቱታውን በጽሑፍ ያቀረበ ሰው መፍትሔ ከእናንተ እንደሚገኝ ያመነ ነው። ደግሞም ነገ በወንበራችሁ የሚቀመጠው ሰው ምን እንደ ተሠራና ምን እንደ ቀረ የሚያውቀው ከዚያች ገጽ ይሆናል።

በሐረር አንድ እንግዳ ከሕሙማን መካከል ሆኖ ጋዜጣ ማውጣት ከቻለ፣ የቅኔ አገር ልጆች የገዛ ከተማቸውን ታሪክ ለመጻፍ ምን ያግዳቸዋል?