የሰብል እርሻ ልቀት በአገራት ንጽጽር፦ የጋምቤላ መሬት በየትኛው መዝገብ ይቆጠራል?

አገራት ከሰብል እርሻ የሚወጣውን ሙቀት አማቂ ጋዝ ሲያነጻጽሩ አዘውትረው የሚጠቅሱት በመቶኛ የተሰላ ድርሻን ነው። ይህ ቁጥር ግን ብቻውን ሲነበብ ያሳስታል። ፋብሪካና ተሽከርካሪ በበዛበት አገር የእርሻው ድርሻ አነስተኛ መስሎ ይታያል፤ ኢንዱስትሪ ባልተስፋፋበት አገር ደግሞ አርሶ አደሩ ዋነኛ በካይ ይመስላል።

ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ2011 ይፋ ያደረገችው ለአየር ንብረት ለውጥ የማይበገር አረንጓዴ ኢኮኖሚ ስትራቴጂ፣ የአገሪቱን የ2010 ልቀት 150 ሚሊዮን ቶን ገደማ አድርጎ ገምቶታል። ከዚህም ከ85 በመቶ በላይ የሚሆነው ከግብርናና ከደን ዘርፍ የመነጨ ነው። ዝርዝሩ ሲታይ ግን እንስሳት ወደ 65 ሚሊዮን ቶን፣ የደን ምንጣሮና መመናመን ወደ 55 ሚሊዮን ቶን ሲይዙ፣ የሰብል ልማት ድርሻ ከ10 በመቶ በታች ነው። አብዛኛው የሰብል ልቀትም ከማዳበሪያ አጠቃቀም ጋር የተያያዘ ነው። በነፍስ ወከፍ ሲሰላ ደግሞ የአንድ ኢትዮጵያዊ ዓመታዊ ልቀት ከ2 ቶን አይበልጥም ነበር።

የሌሎች አገራት መልክ የተለየ ነው። በኒውዚላንድ ከጠቅላላው ልቀት ግማሽ ያህሉ ከግብርና ቢመጣም ዋናው ምንጩ የከብትና የበግ ርባታ ነው። በቬትናም የግብርና ልቀት ቀዳሚው ምንጭ ሩዝ ነው። ውኃ በተኛበት ማሳ አፈሩ አየር ስለሚያጣ ረቂቅ ተሕዋስያን ሚቴን ያመነጫሉ። ቬትናም በ2030 አንድ ሚሊዮን ሄክታር ዝቅተኛ ልቀት ያለው ሩዝ ለማልማት ማቀዷም ለዚህ ነው።

ይህ ንጽጽር ጋምቤላን በቀጥታ ይነካል። ሳዑዲ ስታር በአቦቦ ወረዳ ሩዝ ለማልማት 10 ሺህ ሄክታር መሬት የወሰደው የአልዌሮን ግድብ ውኃ ተማምኖ ነው። 100 ሺህ ሄክታር ተሰጥቶት የነበረው የሕንዱ ካሩቱሪ በበኩሉ ያለማው ጥቂቱን ብቻ ሲሆን፣ ውሉ እ.ኤ.አ. በ2015 ተሰርዟል።

ቁም ነገሩ ያለው በመዝገብ አያያዙ ላይ ነው። ደን ተመንጥሮ እርሻ ሲሆን የሚለቀቀው ካርቦን የሚመዘገበው በደን ሒሳብ እንጂ በሰብል አይደለም። በስትራቴጂው ስሌት ከደን ዘርፍ ልቀት ግማሽ ያህሉ የሚመጣው ለእርሻ ተብሎ ከሚካሄድ ምንጣሮ ነው። ስለዚህ የሰብል ድርሻ ዝቅተኛ ሆኖ መታየቱ የእርሻ መስፋፋት ጉዳት የለውም ማለት አይደለም። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2017 በባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የመዘገበው የመዠንግር ደን ቢመነጠር፣ ማር እየቆረጠ የሚኖረው ነዋሪ ኑሮውን ሲያጣ በሰብል መዝገብ ላይ የሚታይ ለውጥ ላይኖር ይችላል።

ይህ ማለት ክልሉ ማረሱን ያቁም ማለት አይደለም። በመስኖ የሚለማ ሩዝ ውኃው እየተለቀቀና እየደረቀ እንዲመረት ቢደረግ የሚቴን ልቀቱ በእጅጉ ይቀንሳል፤ ውኃን መጥኖ መልቀቅ የሚያስችል ግድብ ላለው አካባቢ አሠራሩ የማይደረስበት አይደለም። ቀድሞ በታረሰ መሬት ላይ ምርታማነትን ማሳደግም አዲስ ደን ከመመንጠር ይታደጋል።

በመሆኑም አገርን ከአገር፣ ክልልንም ከክልል የሚያነጻጽር ሁሉ ከመቶኛው ባሻገር ሦስት ጥያቄዎችን ማንሳት ይኖርበታል፦ ልቀቱ በቶን ስንት ነው? ለአንድ ኩንታል ምርት ምን ያህል ወጣ? ማሳው ከመታረሱ በፊትስ ምን ነበር? ለጋምቤላ ከሁሉ የሚከብደው የመጨረሻው ጥያቄ ነው።