በሁለት ማኅተም መካከል የቀሩ ሐኪሞች

ግልጽ ደብዳቤ
ለክቡር ዶክተር ወርቅነህ ገበየሁ
የኢጋድ ዋና ጸሐፊ
ጅቡቲ

ክቡር ዋና ጸሐፊ፣

ይህን ደብዳቤ የምጽፍልዎ ከጁባ፣ ከማንጋቴን ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ተወልጄ የተማርኩ አዋላጅ ነርስ ነኝ፤ እዚህ በአንዲት አነስተኛ ክሊኒክ መሥራት ከጀመርኩ ዓመታት አልፈዋል። የድርጅትዎን ስም የማንጋቴን ሰው ያውቀዋል። መስከረም 2 ቀን 2011 ዓ.ም.፣ በእንቁጣጣሽ ማግስት አዲስ አበባ ላይ የተፈረመው የደቡብ ሱዳን የሰላም ስምምነት በኢጋድ አደራዳሪነት የተገኘ መሆኑን እዚህ የተጠለሉት ተፈናቃዮች ይነግሩዎታል። የእኔ አቤቱታ ግን የሰላም ድርድር የሚያህል አይደለም። ስለ አንዲት ሐኪምና ስለ መኖሪያ ፈቃዷ ነው።

ሐኪሟ ደቡብ ሱዳናዊት ናት። ጠቅላላ ሐኪም ሆና ከእኛ ጋር ትሠራ ነበር። ማንጋቴን ዝናብ ሲጥል መንገዱ ጭቃ ይሆናል፤ ራክሻ (ባጃጅ) አይገባም፤ ምጥ የያዛት ሴት በሰው ተደግፋ በእግሯ ትመጣለች። አንድ ሌሊት እንዲህ ደግፈው ያመጧት እናት ደም አልቆም ብሏት እጃችን ላይ ቀረች። ቀዶ ሕክምና የሚሠራ ሰው በአቅራቢያችን አልነበረም። ሐኪሟ በዚያ ሰሞን ነው ማህጸንና ጽንስ ለመማር የቆረጠችው። ከቀጣናችን አገሮች በአንዱ የሬዚደንሲ (የስፔሻሊስት ሥልጠና) ቦታ ስታገኝ ቡና አፍልተን፣ ፈንዲሻ በትነን ሸኘናት። አራት ዓመት ነው፣ ጠብቁኝ ብላን ሄደች።

ሦስተኛ ዓመቷን እንዳጋመሰች የምትማርበት ሆስፒታል ሥልጠናውን አቋረጠ። ምክንያቱ ከእሷ ጋር የሚያገናኘው ነገር አልነበረም። ወራት አለፉ፤ በመካከሉ የመኖሪያ ፈቃዷ ጊዜው አበቃ። ልታሳድስ ስትሄድ የዘንድሮ ምዝገባሽን የሚያሳይ ደብዳቤ አምጪ አሏት። ወደ ትምህርት ቤቷ ስትመለስ ምዝገባ አልተከፈተም፣ ሲከፈትም የጸና የመኖሪያ ፈቃድ ይዘሽ ነው የምትመጪው ተባለች። ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው ስትመላለስ ቅጣቱ በየቀኑ ይቆጠር ነበር። ያጠራቀመችውን ገንዘብ ለቅጣት ከፍላ፣ መጽሐፏን በካርቶን አስራ ወደ ጁባ ተመለሰች። ሥልጠናው ዳግም ሲጀመር ለመግባት አዲስ ቪዛ ጠየቀች። ቪዛው የደረሰው ጓደኞቿ ወደሚቀጥለው ዓመት ካለፉ በኋላ ነው። ቦታሽ ተሰርዟል ተባለች።

የአገሩንም የሆስፒታሉንም ስም አልጽፍም። በየመስኮቱ የተቀመጡት ሰዎች የተሰጣቸውን መመሪያ ነው የፈጸሙት። የእኔ ጥያቄ መመሪያው ሲጻፍ ሬዚደንት የሚባል ሰው መኖሩን ያሰበ አለ ወይ የሚል ነው።

እርስዎ የውጭ ጉዳይ ሚኒስትር ሆነው አገልግለዋልና የቪዛን ነገር እኔ አላስረዳዎትም። የሬዚደንሲን ነገር ግን ከታች ሆኜ አይቼዋለሁ። ሬዚደንት ተማሪም ሠራተኛም ነው። ሌሊት ዲዩቲ ያድራል፣ ጠዋት ራውንድ ይወጣል፣ የሠራውን እያንዳንዱን ቀዶ ሕክምና በሎግ ቡኩ ይመዘግባል፣ አስተማሪው ይፈርምበታል። እንደየዘርፉ ከሦስት እስከ አምስት ዓመት ይፈጃል። በዚህ ሁሉ ጊዜ ክፍተት የማይገጥመው ሬዚደንት ብርቅ ነው። አንዷ ትወልዳለች፣ አንዱ ይታመማል፣ አንዱ ፈተና ይደግማል፣ የአንዱ የመመረቂያ ጥናት ይጓተታል። ያለቀለትም ቢሆን የመጨረሻ ፈተናውን አልፎ የምስክር ወረቀቱ እጁ እስኪገባ ወራት የሚጠብቅ አለ። ለአገሬው ልጅ ይህ ጊዜ ቤተሰብ ዘንድ ሄዶ የሚያርፍበት ነው። የውጭ ዜጋው ግን በእነዚሁ ወራት ተማሪም ሠራተኛም ጎብኚም አይደለም፤ የትኛውም ፎርም ላይ የሚመለከተው ሳጥን የለም።

በእኛ ቀጣና ደግሞ ክፍተቱን የሚያመጣው ወሊድና ሕመም ብቻ አይደለም። በትግራይ በጥቅምት 2013 ዓ.ም. ጦርነት ሲጀመር በመቀሌ ዩኒቨርሲቲና በዓይደር ሆስፒታል ያለው ትምህርት እንዴት እንደተቋረጠ ያውቃሉ። ካርቱም ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ተኩስ ሲከፈትባት ከተማዋ ከራሷ ልጆች ሌላ የደቡብ ሱዳን ሐኪሞችም ማሠልጠኛ ነበረች። የጁባ ዩኒቨርሲቲ ራሱ በቀድሞው የእርስ በርስ ጦርነት ዘመን ካርቱም ተሰዶ ለዓመታት ያስተማረ ተቋም ነው። ከካርቱም ተኩስ የሸሸ ሬዚደንት ሎግ ቡኩን እንኳ ይዞ የወጣው ዕድለኛ ከሆነ ነው። ጎረቤት አገር ደርሶ ትምህርቴን ልቀጥል ሲል መጀመሪያ የሚጠየቀው ከየትኛው ዩኒቨርሲቲ ደብዳቤ ይዘሃል የሚለውን ነው። ዩኒቨርሲቲው ግን በጥይት ተበሳስቶ ተዘግቷል።

ሩቅ አገር ያሉትም ከዚህ አላመለጡም። አሜሪካ ለሬዚደንሲ የሚሄዱ ብዙ የውጭ ሐኪሞች የሚይዙት ጄ-1 የተባለው ቪዛ ከሥልጠናቸው ጋር የታሰረ ነው፤ የሚቆዩበት ሰነድ በየዓመቱ ይታደሳል፤ ሥልጠናው ሲያበቃ ለመውጣት የሚሰጣቸው 30 ቀን ነው። የሥልጠና ዓመታቸው የሚጀምረው ሰኔ 24 ቀን ነው። በግንቦት 2017 ዓ.ም. የአሜሪካ መንግሥት ለእንዲህ ያሉ ቪዛዎች አዲስ ቀጠሮ መስጠት ሲያቆም፣ ሆስፒታሎቹ ሐኪሞቻችን አይደርሱልንም ብለው ጮኹ። በሰኔ 11 ቀጠሮው ሲከፈት ሐኪሞች ቅድሚያ እንዲያገኙ ተደረገ። እዚያ ቢያንስ የሚጮህ ሆስፒታል ነበር፤ የሚሰማም ተገኘ። ለደቡብ ሱዳን ሐኪሞች ግን ያ በር ቀድሞ ተዘግቷል፤ መጋቢት 27 ቀን 2017 ዓ.ም. አሜሪካ የደቡብ ሱዳን ፓስፖርት የያዙ ሰዎችን ቪዛ በሙሉ መሰረዟን አስታውቃለች። እንግዲህ የዚህ አገር ወጣት ሐኪም ወዴት ሄዶ ይማር? አዲስ አበባ፣ ናይሮቢ፣ ካምፓላ ናቸው የቀሩት። ሁሉም በእርስዎ ድርጅት ጥላ ሥር ያሉ ከተሞች ናቸው። ከጁባ አዲስ አበባ በአውሮፕላን ሁለት ሰዓት ገደማ ነው።

በየካቲት 2012 ዓ.ም. የአባል አገሮች ሚኒስትሮች የሰዎችን ነጻ እንቅስቃሴ ፕሮቶኮል ካርቱም ላይ አጽድቀውታል። እኛ ስደት ላይ የምንኖር ሰዎች ያን ዜና በደስታ ነው የሰማነው። የመግባት፣ የመሥራት፣ የመኖር መብት ደረጃ በደረጃ ይከበራል ይላል። ዓመታት አለፉ፤ የማንጋቴን ሕመምተኛ ግን ለውጡን አላየም። ሁሉም አገር ፈርሞ፣ ሁሉም ፓርላማ አጽድቆ እስኪያልቅ ሬዚደንቱ አይጠብቅም። ስለዚህ ከሰፊው ፕሮቶኮል ውስጥ አንዲት ጠባብ ቁራጭ ተቀድታ ቀድማ ሥራ ላይ እንድትውል ነው የምለምንዎት።

ኢጋድ ይህን የመሰለ ሥራ ከዚህ በፊት ሠርቷል። ደቡብ ሱዳን እ.ኤ.አ. በ2011 ነጻነቷን ስታውጅ፣ በኖርዌይ የገንዘብ ድጋፍ፣ ወደ 200 የሚጠጉ የመንግሥት ሠራተኞች ከኢትዮጵያ፣ ከኬንያና ከኡጋንዳ መጥተው ከደቡብ ሱዳናውያን ባልደረቦቻቸው ጎን ተመደቡ። በመካከላቸው የጤና ባለሙያዎችም ነበሩ። ያን ጊዜ ለነርስ የተገኘ መንገድ ዛሬ ለሬዚደንት የሚጠፋበት ምክንያት አይታየኝም። ሐኪሞቹ ራሳቸውም መንገዱን ጀምረውታል። እ.ኤ.አ. በ1999 የተመሠረተው የምሥራቅ፣ የመካከለኛውና የደቡብ አፍሪካ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ ኢትዮጵያንም ደቡብ ሱዳንንም አቅፏል፤ ሠልጣኞቹ ለአንድ ዓይነት ፈተና ይቀመጣሉ። ፈተናው ድንበር ተሻግሯል፤ የመኖሪያ ፈቃዱ አልተሻገረም።

የምጠይቀው ይህን ነው። በአባል አገሮች እውቅና ባለው ሆስፒታል ሬዚደንሲ የገባ ሐኪም የመኖሪያ ፈቃዱ ከገባበት ቀን እስከ ምስክር ወረቀቱ ቀን ድረስ ይቆጠርለት። ሥልጠናው በጦርነት፣ በተቋሙ ችግር፣ በወሊድ ወይም በሕመም ከተቋረጠ፣ የተቋረጠበት ጊዜ የሥልጠናው አካል ተደርጎ ይያዝ፤ የቀን ቅጣት አይታሰብበት። ወጥቶ መመለስ ሲኖርበትም የሥልጠና ቦታው እንዲጠበቅለት አገሮቹ ይስማሙ። የእያንዳንዱን ሬዚደንት ሎግ ቡክ ቅጂ ኢጋድ በአንድ መዝገብ ቢያኖር፣ ካርቱም እንደሆነው ሁሉ ሆስፒታል ቢዘጋ እንኳ የሐኪሙ ዓመታት አብረው አይዘጉም።

የደኅንነት ጉዳይ ይነሳል። በተማሪ ስም የሚገባ አለ የሚለውን ስጋት አልንቀውም። ነገር ግን በአንድ አገር ያሉት የውጭ ሬዚደንቶች ጥቂት ናቸው፤ በስም ተጠርተው ይታወቃሉ። የትኛው ሌሊት የትኛው ዋርድ እንዳደሩ በዲዩቲ መዝገብ ላይ ሰፍሯል። ከእነሱ የበለጠ አድራሻው የታወቀ የውጭ ዜጋ ከየት ይገኛል?

ክፍተቱ ደግሞ ባዶ ጊዜ ሆኖ መቅረት የለበትም። ለዓመታት የሠለጠነች ሐኪም በሚያስጠብቋት ወራት በአስተማሪዋ ቁጥጥር ሥር እንድትሠራ ቢፈቀድላት እጇም አይረሳ፣ ሆስፒታሉም አይጎዳ። በዚህ በኩል የኢትዮጵያ ሐኪሞች ጁባ ላይ የሚገጥማቸውም ተመሳሳይ ነው፤ ኮንትራት አልቆ ሌላው እስኪፈረም ድረስ ሥራም ፈቃድም አጥተው የተቀመጡ ወንድሞች አውቃለሁ።

የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. ለ2020 ባወጣው ግምት በደቡብ ሱዳን በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 1,223 እናቶች ከእርግዝናና ከወሊድ ጋር በተያያዘ ይሞቱ ነበር። በዚያ ዓመት ግምት ከዚህ የከፋ ቁጥር የተመዘገበበት አገር አልነበረም። ለእኔ ቁጥሩ በእግሯ የመጣችው እናት ናት።

ክቡር ዋና ጸሐፊ፣ በሚቀጥለው የጤና ወይም የአገር ውስጥ ጉዳይ ሚኒስትሮች ስብሰባ ይህን አንድ ጉዳይ አጀንዳ እንዲያደርጉልን በትሕትና እጠይቅዎታለሁ። ሐኪሟ ዛሬም እዚሁ ማንጋቴን ከእኛ ጋር በጠቅላላ ሐኪምነት ትሠራለች። ሎግ ቡኳን እርጥበት እንዳይነካው በፕላስቲክ ጠቅልላ መድኃኒት መደርደሪያው ላይ አስቀምጣዋለች። ለመጨረስ የቀራት አንድ ዓመት ከመንፈቅ ነው።

አክባሪዎ፣
በማንጋቴን፣ ጁባ የምትሠራ ኢትዮጵያዊት አዋላጅ ነርስ