የምንጫነውን ቁልፍ እንወቀው

ባለፈው ዓርብ ከደማምና ከኮበር የመጣን ጥቂት ተማሪዎች በሰይሃት በአንድ ወገናችን ቤት ተሰብስበን ነበር። ቡናው እየተጠጣ ሳለ አንዱ ጓደኛችን በአሮጌ ኪቦርድ በትዝታ ቅኝት መጫወት ጀመረ። በዕድሜ የሚበልጡን አንድ እንግዳ ጥቂት ካዳመጡ በኋላ «ጣትህ ጥሩ ነው፤ ድምፁ ግን የእኛ አይደለም» አሉት። እርሱም «ማሽኑ ያለው ድምፅ ይኸው ነው፤ ምን ላድርግ?» ሲል መለሰ። ያሳሰበን ይህ መልስ ነው።

የዚያ ኪቦርድ ድምፅ የሚፈጠረው ፍሪኩዌንሲ ሞጁሌሽን በሚባለው ዘዴ ነው፤ ስሙን ከኤፍ ኤም ሬዲዮ እናውቀዋለን። ለሙዚቃ ያዋለው በስታንፎርድ ዩኒቨርስቲ የነበረው ጆን ቻውኒንግ ሲሆን፣ እ.ኤ.አ. በ1967 በኮምፒዩተር የአንዱን ድምፅ ቅጥነትና ውፍረት በሌላ ሞገድ ከፍና ዝቅ ያደርግ ነበር። ይህ በሰከንድ 6 ጊዜ ያህል ሲደረግ የዘፋኝ ድምፅ እንደሚርገበገብ ሆኖ ይሰማል። ወደ መቶዎች ሲደርስ ግን ጆሮ ርግብግቢቱን መከተል ያቅተውና ሌላ ዓይነት ድምፅ ይሰማል።

ምሥጢሩ እንዲህ ነው። ዋናው ሞገድ በሰከንድ 400 ጊዜ፣ ለዋጩ ደግሞ 100 ጊዜ ቢነዝር፣ በ400 ግራና ቀኝ 300ና 500፣ 200ና 600 እያሉ ተጨማሪ ንዝረቶች ይወለዳሉ። ሁሉም የ100 ብዜት በመሆናቸው ጆሮ እንደ አንድ ዜማዊ ድምፅ ይቀበላቸዋል። ለዋጩን ወደ 560 ብንወስደው ግን ንዝረቶቹ አይስማሙም፤ ደወል የመሰለ ድምፅ ይወጣል። የለዋጩ ኃይል ሲጨምር ድምፁ ይደምቃል፤ ሲቀንስ ይለሰልሳል። ስለዚህ የክራርን አመታት የሚፈልግ ሰው ለዋጩን መጀመሪያ ላይ አበርትቶ ቶሎ ያደክመዋል። በክሩና በመቆሚያው መካከል በገባ ቁራጭ ቆዳ የሚመጣውን የበገና እዝታ የሚሻ ደግሞ ብርታቱን ያቆየዋል።

ያማሃ ይህን ዘዴ ይዞ እ.ኤ.አ. በ1983 ዲ ኤክስ 7ን ለገበያ አቀረበ። 6 የሞገድ ምንጮች ነበሩት፤ እነርሱም በ32 ዓይነት መንገድ ይያያዙ ነበር። ከ2 ዓመት በኋላ፣ ከዋልያስ ባንድ ጋር ወደ አሜሪካ ሄዶ በዚያው የቀረው ኃይሉ መርጊያ፣ ዋሽንግተን ውስጥ በአንዲት አነስተኛ ስቱዲዮ ይህንኑ መሣሪያ ከአኮርዲዮን ጋር አዋሕዶ «ሸሞንሟናዬ» የተባለውን ካሴት ብቻውን ቀረጸ። ካሴቱ እ.ኤ.አ. በ2013 እንደገና ታትሞ በዓለም ዙሪያ ተደመጠ። እንደ እኛ በባዕድ አገር የነበረ ሰው የፋብሪካን መሣሪያ ለአገሩ ዜማ አገልጋይ አደረገ።

እርግጥ ነው፣ የእንግዳችን ቅሬታ መሠረት አለው። ኪቦርድ አንዱን ስምንተኛ በ12 እኩል ቦታ ይከፍላል፤ ክራር ግን በጆሮ ይቃኛል። የ1983ቱ መሣሪያ የእያንዳንዱን ድምፅ ቅኝት ለብቻ ማስተካከል አያስችልም ነበር። ተከታዩ ዲ ኤክስ 7 ሁለት ግን ይህን ፈቅዷል። ዛሬ ደግሞ ዴክስድ የተባለው ፕሮግራም ያንኑ አሠራር በማንኛውም ኮምፒዩተር ላይ በነፃ ያቀርባል።

እንግዲህ «ምን ላድርግ?» የሚለው ጥያቄ መልስ አለው። ብዙዎቻችን በዚህ አገር ሞገድንና ንዝረትን በክፍል ተምረን ፈተና አልፈንበታል፤ ሆኖም ያን ትምህርት ከክራራችን ጋር አላገናኘነውም። በውጭ የሚወለዱ ልጆቻችን ክራርን መጀመሪያ የሚሰሙት በኪቦርድ ሊሆን ይችላል። በዚያ ቁልፍ ሥር የሚገባውን ድምፅ ሌላ ሰው በግምት እንዲመርጥልን መተው የለብንም እንላለን። በመሆኑም ፊዚክስና ምሕንድስና የሚማሩ ወገኖቻችን ድምፁን እንዲሠሩ፣ ክራርና በገና የሚያውቁ ታላላቆቻችንም አጠገባቸው ተቀምጠው «ይህ ነው፤ ይህ አይደለም» እንዲሏቸው እንጠይቃለን። በሚቀጥለው ዓርብ በዚያው ቤት እንጀምራለን፤ እንግዳችንም ሊመጡ ቃል ገብተዋል።